እናቴ በየእሑዱ የምታስነሳት ቮልስ

የቀደመኝ ሽታው ነው። በቀደም አንድ ጋራዥ ውስጥ ተራዬን እየጠበቅኩ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ፣ ወጣቱ መካኒክ ከአንዲት የደከመች መኪና ሞተር ውስጥ ካንዴላ ነቅሎ አጠገቤ ካለው ጠረጴዛ ላይ ጣለው። ጥቁር ነበር። ደረቅ፣ ሲነኩት ጣት ላይ የሚቀር ጥላሸት ከጫፍ እስከ አንገቱ አልብሶታል። ያ ያልተቃጠለ ቤንዚን ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ካንዴላውን አንስቼ ወደ ብርሃን አዞርኩት። ልጁ «እትዬ፣ እጅዎ ይቆሽሻል» አለኝ። እትዬ መባል ከጀመርኩ ቆይቷል፤ አልተቆጣሁም። «ይቺ መኪና ሩቅ መንገድ አትወጣም አይደል? ትነሳለች፣ ትንሽ ትንፏቀቃለች፣ ትቆማለች» አልኩት። «በምን አወቁ?» አለኝ።

እሱን የማጫውትበት ጊዜ አልነበረም። አንተ ግን ጊዜ ካለህ ልንገርህ።

ያደግኩት ካዛንቺስ ነው፤ ዛሬ ባለ መስታወት ሕንፃ የቆመበት ቦታ ላይ። ያኔ ከአስፋልቱ ገባ ሲባል መንገዱ ኮረኮንች ነበር፤ ግራና ቀኙ የቆርቆሮ አጥር ነው። ግቢያችን ጠባብ ነበረች፤ ግማሿን የያዘችው ደግሞ የአባቴ ቮልስ ናት። ጀርባዋ የጎበጠ፣ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ ትንሽ መኪና። ቀለሟ በአንድ ወቅት ሰማያዊ ነበር አሉ፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ፀሐይ መጥጦት የታጠበ ጂንስ መስሎ ነበር። አባቴ ለገሃር አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። ማታ ሲመለስ እናቴ ከጓዳ ሆና የመኪናዋን ድምፅ ገና ከመታጠፊያው ትለየዋለች። «መጣ» ትላለች፤ ወጡን እሳት ላይ ትጥዳለች፤ ፀጉሯን በእጇ ነካ ነካ ታደርጋለች። እኔ ጆሮዬን ብቀስርም ምንም አልሰማም። ደቂቃ ሳይቆይ የግቢው በር ይንኳኳል። ሰውየው በትዳር ዘመኑ ቀዝቃዛ ራት በልቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አንድ ቀን ከሥራ መጣ፤ መኪናዋን አቆመ፤ «ደረቴን ትንሽ ከበደኝ» ብሎ ጋደም አለ። በዚያው ቀረ። እኔ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ።

የለቅሶው ድንኳን መንገድ ላይ ነው የተተከለው። የእድሩ ሰዎች ግቢ ውስጥ ሊተክሉ መጥተው መኪናዋን ገፋ አድርገን እናውጣት ሲሉ እናቴ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ተነሥታ ወጣች። የእድሩ ዳኛ ራሳቸው፣ ያ ሁሉ ሰው የሚፈራቸው ሽማግሌ፣ ለስለስ ብለው ለመኗት። «እሱ ያቆማት ቦታ ናት» አለች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁና «ተዉአት፣ መንገድ ላይ ትከሉ» አሉ። ለዚያ ነው በአባቴ ለቅሶ ሰሞን መኪኖች በሌላ በኩል ዞረው ይሄዱ የነበሩት።

መኪናዋም እሱ እንዳቆማት ቀረች። የፊት ጎማዎቿ ወደ ግድግዳው ትንሽ እንደዞሩ፤ የሾፌሩ ወንበር ለእሱ ረጃጅም እግሮች ሲባል እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ እንደተገፋ፤ መስታወቱም ወደ እሱ ዓይን እንዳየ። ከአርባው በኋላ አንድ ዘመድ «መኪና ካልተነሣች ትሞታለች፤ በሳምንት አንዴ እንኳን አሙቋት» ብሎ መከረ። ለሌላ ሰው ምክር ነበር፤ ለእናቴ ግን ሕግ ሆነ።

ከዚያ ጀምሮ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋን እንደለበሰች ወደ መኪናዋ ትሄዳለች። መንዳት አትችልም ነበር። የአባቴ ወንበር ላይ አልተቀመጠችም፤ አንድም ቀን። በቀኝ በኩል ያለውን በር ከፍታ የራሷ ወንበር ላይ፣ ድሮም የምትቀመጥበት፣ ትቀመጥና እጇን ዘርግታ ቁልፉን ታዞራለች። ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ያስላል፤ ይነሣል። ነዳጅ መስጫው ከእግሯ ሩቅ ስለሆነ አትረግጠውም፤ መኪናዋ በራሷ ፍጥነት ዝግ ብላ ታንጎራጉራለች። የጠዋቱ ብርሃን በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ገብቶ ጭሱ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ይሠራል። እናቴ ዓይኗን ጨፍና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሰማለች። ሲበቃት «በቃ» ብላ ታጠፋና ምሳ ታቀርባለች።

ሰፈሩም ለመደው። ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ የነበረው ባለሱቅ፣ እሑድም ቢሆን ሥራ የሚያስረሳው ነገር የሌለ ታታሪ ሰው፣ «ቀኑን ከካላንደር አይደለም የማየው፣ ከእትዬ ቮልስ ነው» እያለ ደንበኞቹን ያስቅ ነበር። ቤንዚን ሲያልቅ በጀሪካን የሚያመጣላትም እሱ ነው። አንድ ጊዜ እኔ፣ የዕድሜዬ አፍ አላስችል ብሎኝ፣ «እማዬ፣ ዝም ብለሽ ቤንዚን ማቃጠል ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። አልተቆጣችም። «የአባትሽ ፎቶ አለኝ፤ ልብሱ አለኝ። እሱ ሲመጣ እሰማው የነበረው ድምፅ ግን ያለው እዚች ውስጥ ብቻ ነው» አለችኝ።

እንዲህ እየሆነ ዓመታት አለፉ። ትምህርቴን ጨረስኩ፤ ሥራ ያዝኩ፤ ሥራው መኪና መንዳት ስለሚጠይቅ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አንድ የክረምት እሑድ እናቴ ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩ ጮኸ፤ አልተነሣም። ደገመች። ሦስተኛ ላይ ድምፁ እየደከመ መጣና ጠቅ ብሎ ቀረ። እኔ ከደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። ፊቷን ሳይ ያን የለቅሶ ቀን ያየሁት መሰለኝ።

ባለሱቁ ድምፁ ሲቀርበት ሱቁን እንደተከፈተ ትቶ መጣ። «ቀላል ነው፣ ትገፋለች» አለ፤ የሰፈራችን የመጀመሪያ መድኃኒት ያው መግፋት ነውና። አንድ ፉጨት ሲለቅ ከየትም ከየትም ወጣቶች መጡ። እጅጌያቸውን ሰብስበው መኪናዋ ኋላ ተሰለፉ፤ አንዱ፣ መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ስለሆንኩ፣ «በሁለተኛ ማርሽ ልቀቂው እሺ!» ይለኛል። እናቴ ከመኪናዋ ወርዳ ከፊት ለፊት ቆመች፤ ሁለት እጇን ኮፈኑ ላይ አድርጋ። «አትንቀሳቀስም» አለች። ልጆቹ እሷን ያያሉ፤ ባለሱቁን ያያሉ። «እትዬ፣ እስከ ሱቄ ድረስ ብቻ እኮ ነው» አላት። «እስከ ሱቅህ ምን አላት? ዳቦ ልትገዛ ነው?» አለችው። ልጆቹ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም፤ እጇንም አላነሣችም። ስለዚህ መኪናዋ ወደ መካኒክ ልትሄድ ስላልቻለች መካኒክ ወደ እሷ መምጣት ነበረበት።

የመጣው መካኒክ ቄራ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ የነበረው፣ ነገ እመጣለሁ ካለ ከነገ ወዲያ የሚመጣ፣ ስታዲየም ጨዋታ ያለ ቀን ደግሞ ጭራሽ የማይገኝ ሰው ነበር። ቁልፉን አንዴ አዙሮ ሰማና በሙሉ ልብ «ባትሪ ነው» አለ። ባትሪውን ተሸክሞ ወስዶ አስሞልቶ መለሰው። ሞተሩ እንደ ጎረምሳ ተሽከረከረ፤ ግን አልተነሣም። «አሃ» አለ መካኒኩ፤ ራሱን አከከ። ያኔ ነው ወደ ኋላ ዞሮ ኮፈኑን ከፍቶ ካንዴላዎቹን መንቀል የጀመረው። የኋለኞቹ ስርቻ ውስጥ ስለተወሸቁ እጁ አልገባ አለው፤ የኔ ጠባብ እጅ ተፈለገና የካንዴላ ቁልፍ የያዝኩት በዚያ ቀን ነው።

አራቱንም ነቅለን ጋዜጣ ላይ ደረደርናቸው። አራቱም ጥቁር ነበሩ፤ ከድስት ሥር እንደተፋቀ ጥላሸት። መካኒኩ አንዱን ከገመዱ ጋር እንደያዘ የብረቱን አካል ሞተሩ ላይ አስደግፎ «ቁልፉን አዙሪው» አለኝ። አዞርኩት። በጫፉ መሃል ሰማያዊ ብልጭታ መታየት ነበረበት፤ ምንም የለም።

«አየሽ፣» አለኝ፣ «ካንዴላ ማለት በቃ ክብሪት ነው። እዚህ ጫፉ ላይ ይቺ ክፍተት አለች። ኤሌክትሪኩ ክፍተቷን ዘሎ ሲያልፍ ብልጭ ይላል፣ ቤንዚኑን ያቀጣጥለዋል። ጥላሸት ሲለብስ ግን፣ ማለቴ፣ ኤሌክትሪክም እንደኛ ሰነፍ ነው፤ ለምን ብሎ ይዘላል? በጥላሸቱ ላይ ተንሸራቶ ወደ ብረቱ ይሄዳል። በቃ፣ እሳት የለም። ቤንዚኑ ሳይቃጠል ይቀራል፣ ሽታውን ይኸው እየሸተትሽው ነው።»

ከዚያ በኪሱ የነበሩ አሮጌ ካንዴላዎች አውጥቶ አሳየኝ፤ አንድ ሰው በኪሱ ለምን ካንዴላ ይዞ እንደሚዞር አልጠየቅኩትም። አንደኛው ዘይት ጠጥቶ ያብለጨልጫል፤ ይኼ ሞተሩ ውስጡ ተበልቶ ዘይት ወደ ላይ ሲያሾልክ ነው አለኝ። ሌላው እንደ ኖራ ነጥቶ ጫፉ ቀልጧል፤ ይኼ ደግሞ ከመጠን በላይ የጋለ። የጤነኛው ቀለም የለውዝ ቅርፊት ይመስላል። ስለ ሰው ጤንነት እንዲህ በቀለም የሚናገር ነገር ቢኖር ኖሮ አባቴን እናድነው ነበር ብዬ አሰብኩ።

ካንዴላዎቹን በሽቦ ብሩሽ ፈተጋቸው፤ በቤንዚን አጠባቸው፤ የእናቴን ቡታጋዝ አስለኩሶ እሳት ላይ አስያዛቸው፤ ክፍተታቸውን በቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ለካ። እኔ መለስኳቸው። ቁልፉ ሲዞር መኪናዋ ተነሣች። እናቴ ከጓዳ በሩጫ ወጥታ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ባለሱቁ ከመንገዱ ማዶ «እሑድ ሆነ!» ብሎ ጮኸ፤ ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ጥቂት እሑዶች ቆይታ እንደገና እምቢ አለች። ነቀልናቸው፤ እንደገና ጥቁር። ጠረግናቸው፤ ተነሣች፤ ቆየችና እምቢ አለች። አዲስ ካንዴላ ገዝተን አስገባን፤ አዲሶቹም ጠቆሩ። በመጨረሻ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ እናቴን እንዴት እንደምታስነሳት ጠየቃት። ነገረችው፤ ከወንበሯ ሆና ቁልፉን እንደምታዞር፣ ትንሽ ቆይታ እንደምታጠፋት። መካኒኩ መሬት መሬት አየ።

«እትዬ፣» አላት፣ «ካንዴላ ራሱን በራሱ ነው የሚያጸዳው። ግን በደንብ መጋል አለበት። ሲግል ጥላሸቱን ራሱ ያቃጥለዋል። እርስዎ ግን… ይቺ መኪና ገና ሳትሞቅ ነው የሚያጠፏት። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል፤ የከተማችን አየር ደግሞ በከፍታው ስስ ነው፣ ቤንዚኑን አሟጦ አያቃጥለውም። በዚያ ላይ ነዳጅ አልተረገጠ፣ መንገድ አልወጣች። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጥላሸት እያጠራቀመች ነው የኖረችው።»

«በየሳምንቱ እኮ ነው የማሞቃት» አለች እናቴ። «አንድ እሑድ አሳልፌ አላውቅም። ታምሜ እንኳን ተነሥቻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እና እኔ ነኝ የገደልኳት በለኛ!»

መካኒኩ ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና «ትነዳ፣ እትዬ» አላት። «ረጅም መንገድ። ሌላ መድኃኒት የላትም።» እናቴ ነጠላዋን አጣፋችና ወደ ቤት ገባች።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት ማስታወስ አልወድም። እናቴ ከቅዳሴ መጥታ በመኪናዋ አጠገብ ዓይኗን ሳታነሣ ታልፍና በቀጥታ አልጋዋ ላይ ትወጣለች። ምግብ ታቀርባለች፤ አትበላም። ሰው ሲያናግራት ዘግይታ ትመልሳለች። ድምፁን እንዳታጣው ከፈለገች መኪናዋ መሄድ አለባት፤ ከሄደች ደግሞ እሱ ካቆመበት ቦታ ትነሣለች፤ ወንበሩ ይሳባል፤ መስታወቱ ይዞራል። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ነው የተባለችው። እኔ ደግሞ አንዳች ነገር ብናገር የምትሰበር መስሎኝ ዝም አልኩ። ፈርቼ ነበር፤ አባቴን ባንድ ማታ ያጣሁ ልጅ ነኝና እሷንም ቀስ በቀስ የማጣ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጠበች ነበር። እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ፣ ቀና ሳትል «ነገ ንጂያት» አለችኝ። ምኑን አላልኳትም።

በዚያው ቀን ጎማ የሚነፋ ሰው ተጠራ፤ መካኒኩ እሑድ ጠዋት እንዲመጣ ተነገረውና፣ ተአምር ነው፣ በሰዓቱ መጣ። ፍሬኑን ፈተሸ፤ ካንዴላዎቹን ለመጨረሻ ጊዜ ጠረገ። መኪናዋ ቦሎ ካለፈባት ዓመታት ሆኗት ነበር፤ እሱ ግን «እሑድ ጠዋት ትራፊክም ቤተ ክርስቲያን ነው» ብሎ አደፋፈረኝ። «ቃሊቲን ስታልፊ ነዳጁን ርገጪው። አትዘኚላት» አለኝ።

በግራ በኩል ያለውን በር ከፍቼ የአባቴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ አልደረሰም። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ ወደ ፊት ታያለች። ወንበሩን መሳብ እንዳለብኝ ታውቃለች፤ እኔም እንደምታውቅ አውቃለሁ። የመሳቢያው ብረት ከወንበሩ ሥር ነው። እጄን ልሰድ ስል «ቆይ» አለችኝ። ጎንበስ ብላ እጇን ከእግሬ ሥር አሳልፋ ብረቱን ያዘችው። አልንቀሳቀስ አለ፤ ዝጎ ነበር። ትንፋሿን ይዛ ሳበችው፤ ወንበሩ እየጮኸ ወደ ፊት መጣ። ቀና ስትል ፊቷ ቀልቶ ነበር። «መስታወቱን አንቺ አዙሪው፤ እኔ አልችልም» አለችኝ። አዞርኩት።

ከግቢው ስንወጣ ባለሱቁ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አውልቆ ነበር። አላፌዘም። ወደ ኋላ ሳይ መኪናዋ የነበረችበት ቦታ ላይ አራት ደረቅ የጎማ ጉድጓዶችና በመካከላቸው የበቀለ ጭርንቁስ ሣር ታየኝ። እናቴ ዞራ አላየችም።

ወደ መስቀል አደባባይ ወረድን፤ ስታዲየሙን በቀኝ ትተን በጎተራ፣ በሳሪስ አድርገን ቁልቁል። መኪናዋ ትንተባተባለች። ሰው ቆሞ ያየናል፤ ከኋላችን የሚወጣው ጭስ ጥቁር ነበር። አንድ ታክሲ አጠገባችን ሲደርስ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «እህቴ፣ ሙዚየም አስገቢያት!» አለኝ። እናቴ ድንገት ሳቀች። ያቺ ሳቅ ከወራት በኋላ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ልጁን ዛሬ ባገኘው አመሰግነዋለሁ።

ቃሊቲን አልፈን መንገዱ ሲዘረጋ የተባልኩትን አደረግኩ። ረገጥኩት። መጀመሪያ እምቢ አለች፤ ተንቀጠቀጠች፤ አንድ ጊዜ የምትጠፋ መሰለኝ። እናቴ የበሩን እጀታ ጨብጣለች። ከዚያ ከኋላችን ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። መንተባተቡ ጠፋ። እኩል፣ ሙሉ፣ ደረቅ ያለ ድምፅ ሆነ፤ መሪው ራሱ በእጄ ውስጥ ተረጋጋ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ ጭስ የሚባል አልነበረም።

«አቁሚ» አለችኝ እናቴ።

ምን ሆነች ብዬ ደንግጬ ጥግ ያዝኩ። ሞተሩን ላጠፋ ስል እጄን ያዘችው። መኪናዋ በቆመችበት፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ያንኑ ንጹሕ ድምፅ ዝቅ አድርጋ ታሰማለች። በመስኮቱ የአቃቂ ሜዳ ነፋስ ይገባል፤ የደረቀ ገለባ ሽታ አለው። እናቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። ጓዳ ሆና ትሰማ እንደነበረው ነው አንገቷን ያዘነበለችው፤ እጇ ሳታውቀው ወደ ፀጉሯ ሄደ።

«ይኼ ነው» አለች። «እንዲህ ነበር የሚመጣው።»

«እኔ እስከ ዛሬ ስሰማ የኖርኩት ታዲያ ምንድነው?» አለችኝ ዞራ። ጥያቄው ለእኔ ነበር፤ መልስ የምትፈልግ ትመስል ነበር። «በየእሑዱ ይኸው እሱ ነው እያልኩ… ሳላውቀው እኮ ነው የጠፋብኝ። እያዳመጥኩት ጠፋብኝ።» ከዚያ አለቀሰች። የለቅሶው ቀን እንደዚያ አላለቀሰችም፤ ያን ቀን ሰው ነበር፣ ሙሾ ነበር፣ ወግ ነበር። እዚህ ግን የጭነት መኪናዎች በአጠገባችን ሲያልፉ ቮልሷን እያወዛወዟት፣ እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ እንደ ልጅ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሞተሩን አላጠፋሁትም።

ስንመለስ ግቢው ውስጥ መኪናዋን ወደ ድሮ ቦታዋ ልመልስ ብዙ ታገልኩ። ወደፊት፣ ወደ ኋላ፣ ጎማውን ወደ ግድግዳው ማዞር። እናቴ ወርዳ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «ተዪው ልጄ፣ እንደ ሆነች ትሁን» አለችኝና ምሳ ልታቀርብ ገባች። ያን ቀን በላች።

ከዚያ በኋላ በወር አንዴም፣ ሁለቴም እንወጣ ነበር። መካኒኩ አንድ ቀን አንዱን ካንዴላ ነቅሎ አሳየኝ፤ የለውዝ ቅርፊት ቀለም ይዟል። እናቴ ግን እሑድ ጠዋት ቁልፉን ማዞር ተወች። ባለሱቁ «እትዬ፣ ካላንደር ሊያስገዙኝ ነው» ሲላት «ግዛ፤ ቆጣቢ መሆንህ በዛ» አለችው። ሰፈራችን ለልማት ሲነሣና ሁሉም በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን መኪናዋን ራሷ ናት የሸጠቻት፤ የገዛውን ሰውዬ «ሩቅ ሩቅ ንዳት» ብላ አስምላዋለች።

እናቴም አርፋለች፤ ዓመታት ሆኗታል። እኔ እሷ ያጣችው ዓይነት ነገር አይደርስብኝም ብዬ አምን ነበር። ድምፅዋን ይዤዋለሁ። ማታ ስተኛ፣ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ፣ ሲከፋኝ በልቤ አስነሣዋለሁ፤ «ልጄ» ስትለኝ፣ ቀስ ብላ፣ ለስለስ አድርጋ። በቃ ያ ነው የእማዬ ድምፅ እላለሁ።

ከጋራዡ በወጣሁ ማግስት ግን እግሬ ወደ ቄራ ወሰደኝ። ባለሱቁ ከካዛንቺስ ሲነሣ እዚያ ነው ሱቅ የከፈተው። አርጅቷል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚሸጠው። ሲያውቀኝ ሁለት እጄን ይዞ አልለቅ አለኝ። የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ ብዙዎቹ የሉም። ከዚያ እየሳቀ «እናትሽ እኮ ትዝ ትለኛለች፤ ዳቦ የደረቀባት ቀን ከበራችሁ ሆና ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ?» አለኝና ያን የሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ እሷን አስመስሎ ጮኸ፦ «አንተ ሰውዬ! ይኼን ነው ዳቦ ያልከኝ? ግድግዳ ልሠራበት ነው?»

ቀስ ያለ አልነበረም። ለስላሳም አልነበረም። ፈጣን፣ ከፍ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ የሚያፍነው ድምፅ ነበር። እሷ ነበረች። እናቴ ቃሏን ሳትጨርስ ሳቅ እንደሚቀድማት ጭራሽ ረስቼው ነበር፤ እንደረሳሁትም አላውቅም ነበር።

የባንኮኒውን ጠርዝ ያዝኩ። «ምነው ልጄ?» አለኝ።

«እባክዎ፣» አልኩት፣ «አንዴ ይድገሙልኝ።»

ዓይኔን አየኝ። ከኋላዬ ሁለት ደንበኞች ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ አንዷ ዘይት ይዛ፣ አንዱ ሳንቲሙን እያንቀጫቀጨ። ባለሱቁ በእጁ ምልክት ሰጣቸው፤ ጉሮሮውን እንደገና ጠረገና ከመጀመሪያው ጀመረልኝ።